ሞገስ በሰው ደጅና ሞገስ በእግዚአብሔር ፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ማለዳ ተነሥተን ፊታችንን ወደ ምሥራቅ መልሰን ስንጸልይ ከአፋችን ከማይለዩት ልመናዎች አንዱ «አቤቱ ሞገስ ስጠን» የሚለው ነው። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ እናቱ «በመምህሮችህ ፊት ሞገስ ይስጥህ» ብላ ትመርቀዋለች። ነጋዴው ወደ ገበያ፥ ባለጉዳዩ ወደ ዳኛ፥ ሙሽራዪቱ ወደ አማቶችዋ ቤት ሲሄዱ የሚመረቁት በዚሁ ቃል ነው። ልጆቻችንንም ሞገስ፥ ጸጋዬ፥ ሀብተ ማርያም እያልን እንሰይማለን። ይሁን እንጂ ሰው የሚለምነውን ነገር ምንነት ሳይመረምር ከኖረ፥ አንዱን ለምኖ ሌላውን ይጠብቃል፤ የተሰጠውንም ሳያውቀው ያልፈዋል።

ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የእግዚአብሔር ሞገስ ለክርስቲያን ሕይወት ምን ማለት እንደ ሆነ እንመለከታለን። የምንመለከተውም ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋራ የአገራችንን ታሪክ አስተያይተን ነው። ለዚህም አንዲት ስፍራ መርጠናል፤ እርስዋም በአርሲ ደጋ የምትገኘው ጢቾ ናት። የመረጥናትም የጢቾና የአካባቢዋ ታሪክ ሰው ሁሉ ስለ ሞገስ የሚጠይቀውን ጥያቄ በግልጥ ስለሚያሳይ ነው፤ ይኸውም የተሾመ፥ ድል ያደረገ፥ መሬትና ሀብት ያገኘ ሰው በእርግጥ እግዚአብሔር ወድዶታልን? የተሻረ፥ የተሸነፈ፥ ከመሬቱ የተነቀለስ እግዚአብሔር ትቶታልን? የሚለው ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። «ጸጋ» የሚለው «ጸገወ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ያለ ዋጋ ሰጠ፥ ቸረ ማለት ነው። «ሞገስ» ደግሞ በሌላው ዐይን መወደድን፥ በፊቱም መከበርን ያመለክታል። ከነዚህ ጋራ የሚሄድ ሦስተኛ ቃል አለ፤ እርሱም «ባለሟል» የሚለው ነው። ባለሟል የሚባለው በር ጠባቂው ሳያግደው ወደ ጌታው እልፍኝ የሚገባ፥ ቃሉም የሚሰማለት ሰው ነው። ቅዱስ ሚካኤልንና ቅዱስ ገብርኤልን፥ ጻድቃንንና ሰማዕታትንም የእግዚአብሔር ባለሟሎች እያልን እንጠራቸዋለን። እንግዲህ አባቶቻችን በሰማይ ያለውን ነገር ለመናገር በምድር ከሚያውቁት ከቤተ መንግሥትና ከገዢ ደጅ ቃል ተውሰዋል። ይህን ማድረጋቸው መልካም ነው፤ ሰው የማያየውን የሚረዳው በሚያየው ነውና። ነገር ግን ቃሉን ከገዢው ደጅ ስንወስድ የደጁን ጠባይ አብረን እንዳንወስድ መጠንቀቅ ያስፈልገናል።

የገዢው ደጅ ጠባይ ምን ነበር? ጢቾ ትንገረን። ጢቾ ከአሰላ በስተ ምሥራቅ፥ ከተራሮቹ ባሻገር፥ ገብስና ስንዴ በሚበቅልበት ደጋ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ዛሬ የሚያልፍባት መንገደኛ ከሌሎቹ ትናንሽ ከተሞች ለይቶ አያያትም። ሆኖም አሰላ የአርሲ ዋና ከተማ ከመሆንዋ አስቀድሞ የአርሲ ገዢዎች መቀመጫ ጢቾ ነበረች። ከዚያም በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ከጭላሎና ከአርባ ጉጉ ጋራ የአርሲ አውራጃ ሆና ስምዋን ይዛ ኖራለች።

በዚያ ዘመን የገዢ መቀመጫ በሆነ ከተማ ሁሉ የሚታወቅ አንድ ሥራ ነበረ፤ እርሱም ደጅ መጥናት ነው። ሹመት የሚፈልግ ሹመት፥ መሬት የሚፈልግ መሬት፥ የተበደለም ፍርድ ለማግኘት ከግቢው በር ቆሞ ይውላል። ስንቁ ያልቃል፤ ልብሱ ያረጃል፤ ሌሊት ብርድ፥ ቀን ፀሓይ ይፈራረቁበታል። አጋፋሪውን በእጅ መንሻ ይለምነዋል። ገዢው ሲወጡ እጅ ይነሣል፤ ያዩት እንደ ሆነ ደስ ይለዋል፤ ያላዩት እንደ ሆነ ነገን ይጠብቃል። እንዲህ ሆኖ ብዙ ጊዜ ከቈየ በኋላ ጉዳዩ ሊሰማለት ይችላል፤ ወይም ሳይሰማለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሞገስ አገኘ የሚባለው ሰው ከብዙዎች መካከል አንዱ ነው፤ እርሱም ያገኘው ሌላው ስላጣ ነው። አንዱ የሚሾመው ሌላው በተሻረበት ስፍራ፥ አንዱ መሬት የሚሰጠው ሌላው በተነቀለበት እርሻ ነበርና።

ይህ ሞገስ ሰጪው እስካለ ድረስ ብቻ የሚኖር ነው። ገዢው በተሻረ ጊዜ ባለሟሎቹ አብረውት ይሻራሉ፤ ትናንት የተፈራው ሰው ዛሬ በአዲሱ ገዢ በር ላይ እንደ ማንም ይቆማል። ለከተማዪቱ ለራስዋም የሆነው ይኸው ነው። የገዢዎች መቀመጫ አሰላ በሆነች ጊዜ ክብሩ ወደ አሰላ ተሻገረ፤ ጢቾም እንደ ጥንቱ በእርሻዋና በገበያዋ ቀረች። በሰው ደጅ የሚገኘው ሞገስ ከተማን እንኳ እንዲህ አድርጎ ያነሣል፥ ይጥላልም።

በእግዚአብሔር ፊት ያለው ሞገስ ግን እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያ፥ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነውና በእጅ መንሻ አይገዛም። ስእለታችን፥ መብዓችን፥ ጾማችንና ስግደታችን የፍቅራችን ምስክሮች ናቸው እንጂ እግዚአብሔርን የምንደልልባቸው መማለጃዎች አይደሉም። በሁለተኛ፥ የአንዱ ማግኘት የሌላው ማጣት አይሆንም። የጭላሎን ተራራ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመውን፥ የሚጐበኘው ዝናም የክርስቲያኑን እርሻ ከእስላሙ እርሻ፥ የደጉን ማሳ ከክፉው ማሳ ለይቶ አያጠጣም፤ ጌታችንም በተራራው ስብከቱ የአባቱን ቸርነት ያስተማረን በዚሁ በፀሓይና በዝናም ምሳሌ ነው። በሦስተኛ፥ ሰጪው አይሻርምና ሞገሱ ዘመን አያልፍበትም።

ይህን ሁሉ በቃል ማመን ቀላል ነው። የሚከብደው ድል ባደረግን ጊዜና መከራ ባገኘን ጊዜ ማመኑ ነው። አስቀድመን ስለ ድል እንናገር።

ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና አጎታቸው ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ በአርሲ ላይ ተደጋጋሚ ዘመቻ አደረጉ። የአርሲ ኦሮሞም አገሩን ለዓመታት ተከላከለ። በመጨረሻ በ1878 ዓ.ም. በአዙሌ በተደረገው ጦርነት ጦርና ጋሻ የያዘው ሠራዊት በጠመንጃ እሳት ፊት ወደቀ፤ ብዙ ሕዝብም አለቀ። በአኖሌ ስለ ተፈጸመው የእጅና የጡት መቈረጥም የአርሲ ሕዝብ የሐዘን ትረካውን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ ኖሮ፥ በ2006 ዓ.ም. በስፍራው የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል።

ከድሉ በኋላ ለዘመተው ወታደር በደመወዝ ፋንታ ገባርና መሬት ተመደበለት። መሬቱ በቀላድ እየተለካ በጋሻ ተከፋፈለ፤ አንዱም ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። በሥርዐቱ መሠረት ሲሶው ለአገሩ ባላባት ሲተው፥ የቀረው ለመንግሥት፥ ለሹማምንትና ለወታደር ሆነ፤ ለቤተ ክርስቲያንም የሰሞን መሬት ተሰጣት። በአባቶቹ ምድር ይኖር የነበረው ገበሬም ገባር፥ በኋላም ጭሰኛ ሆኖ ከምርቱ እያካፈለ፥ ጉልበቱንም እየሰጠ ኖረ።

ድል ያደረገ ሁሉ እንደሚለው፥ ይህን ያገኘ ሰው «እግዚአብሔር ሞገስ ሰጥቶኝ አገኘሁ» ማለቱ አይቀርም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃ የሌለውን ማሸነፉ የጠመንጃን ኀይል ያስረዳል እንጂ የእግዚአብሔርን ፈቃድ አያስረዳም። እስራኤል ወደ ተስፋዪቱ ምድር ሊገቡ በተቃረቡ ጊዜ በኦሪት ዘዳግም ዘጠነኛ ምዕራፍ የተነገራቸው ይህ ነበር፤ ምድሪቱን ስለ ጽድቃቸው እንዳገኙ በልባቸው እንዳያስቡ፥ እነርሱ ዐንገተ ደንዳና ሕዝብ መሆናቸውን እንዳይረሱ ሙሴ አጥብቆ አስጠነቀቃቸው። እግዚአብሔር ራሱ የሰጠውን ምድር የተቀበሉት ሰዎች እንዲህ ከተገሠጹ፥ በጦር ኀይል ያገኘውን ሁሉ የእግዚአብሔር የሞገስ ስጦታ ነው የሚል ሰው ምንኛ ሊፈራ ይገባዋል!

ነቢዩ አሞጽ በዘጠነኛው ምዕራፍ ስለ አገራችን የጻፈውን ቃል እኛ ኢትዮጵያውያን ደስ ብሎን እንጠቅሰዋለን፤ እግዚአብሔር የእስራኤልን ልጆች ከኢትዮጵያ ልጆች ጋራ አስተካክሎ የተናገረበት ነውና። ነገር ግን ቃሉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባናል። በዚያው ስፍራ እስራኤልን ከግብፅ ያወጣ አምላክ ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር፥ ሶርያውያንንም ከቂር ያወጣ እርሱ መሆኑ ተጽፏል። ነቢዩ ይህን የተናገረው የተመረጡት በመመረጣቸው እንዳይኰሩ ነው፤ እስራኤል እንደ ጠላት የሚያያቸው አሕዛብ እንኳ የእግዚአብሔር እጅ የመራቸው ናቸውና። እንግዲህ ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች ስንል፥ የአርሲ ገበሬ እጅም ከኢትዮጵያ እጆች አንዱ መሆኑን መርሳት አይገባንም።

እንዲህ ከሆነ እግዚአብሔር ሞገስን ለሰው የሚሰጠው ለምንድር ነው? ይህን የቅዱሳን ታሪክ ያስረዳናል።

ሙሴ በሲና ተራራ በእግዚአብሔር ፊት ሞገስን ያገኘ ሰው ነበር። ሕዝቡ የወርቅ ጥጃ ሠርተው በበደሉ ጊዜ እግዚአብሔር እነርሱን አጥፍቶ ሙሴን ለታላቅ ሕዝብ ሊያደርገው ተናገረው። በገዢ ደጅ የሚኖር ባለሟል እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ እልል ይል ነበር፤ ሙሴ ግን አልተቀበለም። ያገኘውን ሞገስ ለሕዝቡ ምሕረት ለመለመን አዋለው፤ እነርሱ የማይማሩ ከሆነ የእርሱም ስም ከሕይወት መጽሐፍ እንዲፋቅ እስከ መለመን ደረሰ። አስቴርም በንጉሡ በአርጤክስስ ፊት ሞገስን አገኘች፤ አጎትዋ ልጅ መርዶክዮስ ግን ንግሥት የሆነችው ለራስዋ ምቾት እንዳይደለ፥ ምናልባትም ለዚያ የጭንቅ ቀን መሆኑን አስታወሳት። እርስዋም ሦስት ቀን ጾማ፥ ለሞት ቈርጣ፥ ሳትጠራ ወደ ንጉሡ ገባች፤ ወገኖችዋም ዳኑ።

ከሁሉ በላይ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያምን እንመልከት። ቅዱስ ገብርኤል ጸጋን የተመላሽ ብሎ ያበሠራት፥ በእግዚአብሔር ፊት ሞገስን ያገኘች እርስዋ ናት። ያን ሞገስ ምን ተከተለው? ልጅዋን በከብቶች በረት ወለደች፤ ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ግብፅ ተሰደደች፤ አረጋዊው ስምዖን በነፍስዋ ሰይፍ እንዲያልፍ ነገራት፤ በቀራንዮም ከመስቀሉ አጠገብ ቆማ አለቀሰች። ከፍጡር ወገን የእርስዋን ያህል ሞገስ ያገኘ የለም፤ የእርስዋን ያህል ሐዘን ያየችም እናት የለችም። ስለዚህ የእግዚአብሔር ሞገስ ከችግር የሚያመልጡበት መሸሸጊያ ሳይሆን ለሌሎች የሚሸከሙት አደራ መሆኑን ከእርስዋ እንማራለን። የእርስዋ ሞገስ ለዓለም ሁሉ መድኀኒት ሆነ።

ጌታችንም ባደገበት በናዝሬት ምኵራብ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ተቀብሎ ሲያነብ ለድኆች የምሥራች፥ ለታሰሩት መፈታት፥ የተወደደችውም የጌታ ዓመት የሚታወጅበትን ስፍራ አነበበ። ሰዎቹም ከአፉ በሚወጣው የጸጋ ቃል ተደነቁ። ነገር ግን ወዲያው ኤልያስ በራብ ዘመን ወደ ሲዶናዪቱ መበለት እንደ ተላከ፥ በኤልሳዕም ዘመን ከለምጹ የነጻው ሶርያዊው ንዕማን እንደ ሆነ ባስታወሳቸው ጊዜ ተቈጡ፤ ከተራራው አፋፍም ሊጥሉት ወሰዱት። ያስቈጣቸው ሞገሱ ከደጃቸው አልፎ ወደ ባዕድ መሄዱ ነበር። ይህ ቍጣ በእኛም ልብ እንዳይገኝ ልንፈራ ይገባናል።

የተወደደችው ዓመት የተባለችውም ያለ ምክንያት አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ሃያ አምስተኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ በየአምሳ ዓመቱ መለከት ሲነፋ ባሪያው ነጻ ይወጣል፤ በድኅነት ምክንያት ርስቱን የሸጠም ወደ ርስቱ ይመለሳል። ምድር የእግዚአብሔር ናት፤ ሰው በእርስዋ ላይ እንግዳ ነውና። እንግዲህ በመጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር የሞገስ ዓመት የሚታወቀው ድኻው ወደ መሬቱ በመመለሱ ነው።

ይህን ይዘን ወደ አርሲ እንመለስ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ ሥራውን የጀመረው፥ በምኅጻሩ «ካዱ» የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ለገበሬው የተመረጠ ዘር፥ ማዳበሪያና ብድር አቀረበ። የስንዴው ምርት ጨመረ። ምርቱ ባማረ ጊዜ ግን የመሬት ዋጋ ተወደደ፤ ብዙ ባለ መሬቶችም ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን አስወጡ። ድኻውን ለመርዳት የመጣው በረከት ድኻውን ከእርሻው የሚያስወጣ ሆነ። ምርቱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነበር፤ የምርቱን ፍሬ ለብቻ ለመብላት ጭሰኛን ማባረር ግን የሰው ሥራ ነበር። ያን ጊዜ ጐተራው የሞላለት ሰው ሞገስ አገኘሁ ቢል፥ በመንገድ ዳር ልጆቹን ይዞ የቆመው ጭሰኛ ምን ይበል?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። ጭሰኝነትም ቀረ። ይህን ያወጀው የደርግ መንግሥት ብዙ ሳይቈይ እግዚአብሔርን የሚክድ ትምህርት አንሥቷል፤ የብዙ ንጹሓንን ደምም አፍስሷል። ገበሬውም ከኮታና ከግዳጅ አላረፈም። ሆኖም ነገሩን በክርስቲያን ልብ ስናየው የሚያሳዝን ነው፤ የኢሳይያስን ቃልና የኦሪትን የነጻነት ዓመት ዘወትር ስታነብ በኖረች አገር የጭሰኛውን ቀንበር ለመስበር የተነሡት የመጽሐፉ አንባብያን አልሆኑም። እግዚአብሔር የወደደውን ሥራ ወዳጆቹ ነን የሚሉ ሲያዘገዩት፥ በማያውቁት እጅ ሲፈጸም ማየት ተግሣጽ ነው።

በዚያው ዐዋጅ ቤተ ክርስቲያንም መሬትዋን አጣች። ብዙዎች ያን ጊዜ የእግዚአብሔር ሞገስ ከእርስዋ የራቀ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ሁለተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ አስቀድመው የሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም አድርገው ስለ ነበረ፥ ካህናቱና ምእመናኑ አብረው አጥቢያቸውን መጠበቅ ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያን በገባር ምርት ፋንታ በልጆችዋ ዐሥራትና በመበለቲቱ ሳንቲም ቆመች። ይህን መንገድ ያዘጋጁት አባት ግን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ ዐፅማቸውም በ1984 ዓ.ም. ተገኝቶ በክብር ዐረፈ። በገዢው ደጅ ሚዛን ብንመዝናቸው ሞገስ ያጡ ሰው ነበሩ፤ ሥራቸው ግን እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያንን ይመግባል።

አሁን ደግሞ ስለ መከራ እንናገር። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. በዚሁ በአርሲ፥ በሽርካ ወረዳ፥ ምእመናን በታጣቂዎች ተገደሉ። ከእነርሱም በፊት ከእነርሱም በኋላ በአገራችን ልዩ ልዩ ስፍራ በእምነታቸውና በዘራቸው ምክንያት ደማቸው የፈሰሰ ብዙዎች ናቸው። ዘመዶቻቸውም በልቅሶ መካከል «እግዚአብሔር ለምን ተወን?» ብለው ጠይቀዋል። ይህን ጥያቄ ማንም በችኰላ ሊገሥጸው አይገባም፤ የኢዮብ ወዳጆች በወቀሳ ከተናገሩት ይልቅ ሰባት ቀን በዝምታ አብረውት የተቀመጡት ይሻላልና።

ነገር ግን ልቅሶው ጋብ ሲል ልንናገር የሚገባን ቃል አለ። የድል አድራጊው ጠመንጃ የእግዚአብሔርን ሞገስ ካላስረዳ፥ የነፍሰ ገዳዩ ጠመንጃም የሞገሱን መጥፋት አያስረዳም። ኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር ለዮሴፍ ሞገስን እንደ ሰጠው የሚነግረን ያለ በደሉ በታሰረበት ወኅኒ ቤት ሳለ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ ጸጋው የሚበቃው መሆኑን፥ የእግዚአብሔርም ኀይል በድካም የሚፈጸም መሆኑን ነበር። ስለዚህ በሽርካ የወደቁት በእግዚአብሔር ፊት የተረሱ አይደሉም።

እኛ ግን በሕይወት የቀረን ይህን ሐዘን ለበቀል እንዳናውለው እንጠንቀቅ። የአዙሌን ቍስል የሚቈጥር አንድ ወገን፥ የሽርካን ቍስል የሚቈጥር ሌላ ወገን ሆነን ብንቆም ቍጥሩ ማለቂያ የለውም። የገዳዩ ኀጢአት በገዳዩ ላይ ነው፤ ፍርድም ሊሰጥበት ይገባል። ቋንቋውን ስለ ተናገረ ወይም በሌላ እምነት ስለ ጸለየ ብቻ በጎረቤት ሁሉ ላይ አይጫንም። አንዱ የሌላውን ልቅሶ ሊደርስ፥ የራሱን ወገን በደልም በእውነት ሊናገር ይገባዋል። ሞገስ ያገኘ ሰው እንደ ሙሴ ለበደለውም ይለምናልና።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለዕለት ኑሮአችን ምን እንያዝ?

ማኅተም በእጁ ያለ፥ በወንበርም የተቀመጠ ሰው ሹመቱ ለራሱ ክብር እንዳይመስለው። በበሩ ቆሞ የሚውለውን ባለጉዳይ ያስብ፤ ዛሬም ደጅ ጥናት በቢሮ ደጃፍ አልቀረምና። እጅ መንሻ ሳይጠብቅ የድኻውን ጉዳይ ፈጥኖ ቢያይ፥ ያን ጊዜ የእግዚአብሔርን ሞገስ ለሌላው አካፈለ። መሬት ያለው ገበሬ ምርቱ ባማረ ዓመት የቀን ሠራተኛውን ድርሻ አያጕድል። ነጋዴው ሚዛኑን ያቅና። የታመመ፥ ልጁ የሞተበት፥ ከሥራውም የወጣ ሰው እግዚአብሔር ጠላኝ አይበል፤ ጤነኛውና ባለጸጋውም እግዚአብሔር ከእርሱ ይልቅ እኔን ወደደኝ አይበል።

ካህናትና መምህራንም የተቀበሉት ጸጋ ለሚሰማቸው ሁሉ በሚሰማው ቋንቋ ይድረስ። በኦሮምኛ በተተረጐመው መጽሐፍ ቅዱስ ጸጋ «አያና» ተብሎ ይነበባል። የአርሲ እናት ስለ አምላክዋ ቸርነት በእናትዋ ቃል ስትሰማ ነገሩ ወደ ልብዋ ይገባል፤ በማታውቀው ቋንቋ ግን ድምፁን ብቻ ትሰማለች። ቀድሞ ወደዚያ ምድር ቃሉና ጠመንጃው በአንድ ዘመን መምጣታቸው ለብዙዎች ቃሉን አስቸግሯቸው ኖሯል። ስለዚህ ዛሬ ቃሉ ብቻውን፥ በፍቅርና በትሕትና፥ በቋንቋቸው ሊደርሳቸው ይገባል።

እንግዲህ ነገ ማለዳ «አቤቱ ሞገስ ስጠን» ብለን ስንጸልይ ከገዢ ደጅ የሚገኘውን እንዳንለምን እናስብ። ያ ከጢቾ ወደ አሰላ፥ ከአንዱም ወደ ሌላው የሚተላለፍ ነው። የምንለምነው ለድኻ የሚደርስ፥ በመከራ የማይጠፋ፥ ጎረቤትንም ከእኛ ጋራ የሚያነሣ ሞገስ ይሁን። ይህን የለመነ ሰው ደጅ ጠንቶ አይመለስም፤ በሩን የሚዘጋ አጋፋሪ የለበትምና።

በመስቀሉ የጥልን ግድግዳ ያፈረሰ አምላካችን የሞቱትን ነፍስ በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ያዘኑትን ያጽናናልን፤ ለአርሲ ደጋና ለኢትዮጵያ ምድር ሁሉ ሰላሙን ይስጥልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።